ጸደይና ትምህርት ቤት በጅግጅጋ አገር

የቀን መቁጠሪያችን ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ቀን ሐጋይ ወይም በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ቀን ጸደይ፣ ከዚያ ወዲያ ክረምት ነው። ይህን በቃሉ የማይዝ ተማሪ የለም። ነገር ግን ጸደይ ምን እንደሚመስል ልጁን የጠየቁት እንደ ሆነ፣ የአዲስ አበባው ተማሪ ስለ መስከረም አደይ አበባ ይተርክልዎታል፤ በከተማው አነጋገር ጸደይ ማለት የእንቁጣጣሽ ሰሞን ሆኖ ቀርቷልና። መጽሐፉ በሚለው ቀን ምድር ስትለመልም የሚያየው ግን፣ ከሐረር ተነሥተን በባቢሌና በዳካታ ድንጋዮች መካከል ወደ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ፣ የካራማራን ተራራ ተሻግረን የምናገኘው የጅግጅጋ ልጅ ነው።

ሶማሌው ይህን ወቅት «ጉ» ይለዋል። ጉ የዓመቱ ትልቁ ዝናብ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ «ሐጋ» የሚባል ነፋስ የበዛበት ደረቅ ጊዜ ይመጣል፤ በደቡቡ ክፍል በመጸው «ደይር» የተባለው አነስተኛ ዝናብ ይጥላል፤ ከዚያም እስከ መጋቢት ድረስ «ጂላል»፣ ማለት ረጅሙና ክፉው የድርቅ ጊዜ ይከተላል። (የሶማሌው ሐጋና የግእዙ ሐጋይ ስማቸው ተመሳስሎ፣ ሁለቱም ደረቅ ወቅት ሲሆኑ፣ አንዱ በሐምሌ ሌላው በጥር መዋሉ ለቋንቋ ተመራማሪዎች የሚተው ጨዋታ ነው።) ጅግጅጋና ከእርስዋ በስተሰሜን ያሉት የሲቲ ከተሞች፣ እነሽንሌ፣ ኤረርና አይሻ፣ በዚህ ላይ ተጨማሪ ዕድል አላቸው። ከሐምሌ እስከ መስከረም «ከረን» የሚባል ዝናብ ያገኛሉ፤ ይህም የደጋው ክረምት ጫፍ መሆኑ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋው የጅግጅጋ ሜዳ ከብት ከማርባት አልፎ ማሽላና ስንዴ የሚያበቅለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሶማሌዎች መልካሙን ዘመን በሁለት ቃል ይገልጹታል፤ «ነበድ ኢዮ ዓኖ» ይላሉ፤ ሰላምና ወተት ማለት ነው። ክፉውን ዘመንም እንዲሁ በሁለት ቃል፣ «ዖል ኢዮ አባር»፣ ጠላትና ድርቅ ይሉታል። ጉ የመጀመሪያው ጥንድ ዘመን ነው። ግመሎች ይወልዳሉ፤ ጥቁር ራስ ያላቸው ነጫጭ በጎች ሆዳቸው ይሞላል፤ በጂላል የተበታተነው ቤተ ሰብ ይሰበሰባል፤ ሠርግ ይደገሳል፤ የተጣላም ይታረቃል። ታዲያ የትምህርት ነገር ከዚህ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ነገሩ ሁሉ የተገናኘው እዚሁ ላይ ነው።

የትምህርት ዘመናችን የተቆረጠው በደጋው ሰው ልክ ነው። በመስከረም ይከፈታል፤ በሰኔ ይዘጋል። ክረምቱ ዝናብና ጭቃ፣ የእርሻም ሥራ የሚበዛበት ስለ ሆነ ልጁ ቤቱ ይውላል። ለጎጃም ወይም ለሸዋ ገበሬ ይህ ሥርዓት ይስማማዋል። ለአርብቶ አደሩ ልጅ ግን የዓመቱ ጭንቅ የሚመጣው በሐምሌ ሳይሆን በጥርና በየካቲት ነው። ይኸውም አንደኛው መንፈቅ ዓመት ተጠናቅቆ ሁለተኛው ሊጀመር ሲል፣ በጂላሉ መካከል መሆኑ ነው። ኩሬው ይደርቃል፤ ሣሩ ያልቃል፤ እናት ቤቱን አፍርሳ በግመል ትጭናለች። ይህ «አቀል» የሚባለው ቤት ከጎበጠ እንጨትና ከምንጣፍ የሚሠራ፣ ሲፈልጉ የሚነቀል፣ ሲፈልጉ የሚተከል በመሆኑ ነው። ወንዱ ልጅ ግመሎቹን ተከትሎ ሩቅ ይሄዳል። ልጅቱ ፍየሎቹንና ታናናሾቿን ይዛ ውኃ ፍለጋ ትመላለሳለች። በትምህርት ቤቱ የስም መጥሪያ ላይ የቀሪ ምልክት ይደረደራል።

ስለዚህ በጅግጅጋ ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች፣ በቀብሪ በያሕም ቢሆን፣ በአውበሬም ቢሆን፣ የገጠር ትምህርት ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈታል ቢባል ሐሰት አይደለም፤ አንድ ጊዜ በመስከረም በደወል፣ ሁለተኛ ጊዜ በሚያዝያ በዝናብ። የመጀመሪያውን መክፈቻ መዝገብ ይመዘግበዋል፤ የበላይ አካልም ቁጥሩን ይጠይቃል። ሁለተኛውን መክፈቻ ግን የሚያውቀው መምህሩ ብቻ ነው። አንድ ማለዳ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከሦስት ወር በፊት የጠፋው ልጅ ከወትሮው ቁመቱ ጨምሮ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ በር ላይ ይቆማል። መምህሩ በዚያች ደቂቃ የሚናገረው ቃል የልጁን ዕድል ይወስነዋል። «ስምህ ተሰርዟል» ካለው ልጁ ወደ ግመሎቹ ይመለሳል፤ ሁለተኛም አይመጣም። «ግባ፣ ተቀመጥ» ካለው ግን ሌላ ችግር ይጀመራል፤ ያመለጠውን የሂሳብና የሳይንስ ትምህርት ማን ያስተምረዋል?

ለዚህ የተሻለ መፍትሔ ያገኙት ትምህርት ቤቶች መንገዳቸው ቀላል ነው። የሚያዝያን ከሰዓት በኋላ ለተመላሾች ማካካሻ ያደርጉታል። ጎበዝ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዛፍ ሥር ታናናሾቹን ሰብስበው ያስጠናሉ። መምህሩም ልጁ ይዞት ከመጣው ዕውቀት ይነሣል። ሦስት ወር ከግመል ጋር የከረመ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ዕፀዋት፣ ስለ እንስሳት በሽታ፣ ስለ ኮከብ አቅጣጫ ከመማሪያ መጽሐፉ የበለጠ ያውቃል። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እርሱን አቁሞ የሚያናግር መምህር ሁለት ነገር ያተርፋል፤ የቀሩት ልጆች ይማራሉ፣ ተመላሹም ኀፍረቱ ይለቀዋል።

አሁን ስለ ውኃ ጥቂት እንበል፤ በዚያ አገር የማኅበሩ ኑሮ መሠረት እርሱ ነውና። በሐውድ ሜዳ ወንዝ የለም፤ የጉድጓድ ውኃም ጥልቅ ነው። ሕዝቡ የሚጠጣው «ብርካ» በሚባል፣ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ በተለሰነ ገንዳ ያጠራቀመውን የዝናብ ውኃ ነው። ከ1980 እስከ 1996 ዓ.ም. የስደተኞች ሠፈር በነበረባት በሐርትሼክ ለሕዝቡ ውኃ በቦቴ እየተጫነ ይመጣ እንደ ነበር የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። ቀብሪ በያሕ ከጀረር ሸለቆ በቧንቧ የሚመጣ ውኃ ስታገኝ የስደተኛውም የነዋሪውም ልጅ እፎይ ብሏል። ቧንቧ በሌለበት ትምህርት ቤት ግን ሥራው በመጋቢት ይጀመራል። ወላጆች አካፋና ባሬላ ይዘው ይመጣሉ፤ በጂላል የደረቀውን ብርካ ደለሉን ይጠርጋሉ፤ የተሰነጠቀውን ይለስናሉ። ቆርቆሮው ጣራ ላይ ያለውን አሸንዳ የሚያቃና ይወጣል። ፍየል የጣሰው የእሾህ አጥር ይታደሳል። ዕድሜ የጠገቡት ሽማግሌዎች ከጥላ ሥር ተቀምጠው ሻሂ እየጠጡ ይቆጣጠራሉ፤ ወጣቱም ርእሰ መምህር ቢሆን «አዴር» እያለ ያማክራቸዋል። አዴር የአባት ወንድም ማለት ነው፤ ለማንኛውም ታላቅ ሰው የክብር መጥሪያ ነው። ለሴትዮዋም «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ ይባላል። ከሌላ ክፍለ አገር የተመደበ መምህር እነዚህን ሁለት ቃላት በመጀመሪያው ሳምንት ቢማር ከብዙ ደብዳቤ የበለጠ ያገለግሉታል።

ውኃው ከገባ በኋላ ክርክሩ ይነሣል። የትምህርት ቤቱን ብርካ ከብት ይጠጣበት ወይስ አይጠጣበት? ይህ በወላጆችና በመምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ በየዓመቱ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ከብት ካልጠጣ ቤተ ሰቡ ይሰደዳል፤ ልጁም አብሮ ይሄዳል። ከብት ከጠጣ ደግሞ ውኃው በሐጋ ያልቃል፤ ተማሪውም በሰኔ ፈተና ጊዜ ይጠማል። በስብሰባ ላይ ረጅም ጊዜ የሚወስደው ጉዳይ ይህ በመሆኑ የሚገረም ጎብኚ ካለ፣ የዚያን አገር የትምህርት በጀት ያልተረዳ ነው።

ሶማሌው ትምህርት ቤትን «ዱግሲ» ይለዋል። የቃሉ ጥንተ ትርጉም ከነፋስ የሚያስጠልል ቦታ ማለት ነው። አንደኛ ደረጃው «ዱግሲ ሆሴ»፣ መካከለኛው «ዱግሲ ዴሔ» ይባላል። ሆኖም ልጁ ወደ መንግሥት ዱግሲ ከመምጣቱ በፊት ገና በሕፃንነቱ የቁርኣን ዱግሲ ገብቶ፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ከከሰል በተዘጋጀ ቀለም መጻፍ ይለምዳል። ሁለቱም አስተማሪዎች «መዐሊን» ተብለው ይጠራሉ። ጠዋት ለአንዱ፣ ከሰዓት ለሌላው የሚል ስምምነት ባለበት መንደር ሁለቱም ቤቶች ይሞላሉ፤ ሽሚያ ባለበት ደግሞ የሚጎዳው ልጁ ነው። የረመዳን ጾም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም፣ ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም. ከጉ መግቢያ ጋር ገጥሞ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የክፍለ ጊዜውን ሰዓት ማሳጠርና ከባዱን ትምህርት ወደ ማለዳ ማምጣት የርእሰ መምህሩ ብልኀት ነው። በዒድ ማግስት አዲስ ልብስ ለብሶ የማይመጣ ልጅ ጥቂት ነው።

የቋንቋውም ነገር ታሪክ አለው። በዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የመንግሥት ትምህርት ቤት የገባ የሶማሌ ልጅ ትምህርቱን የሚቀበለው በአማርኛ ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ኋላ 15 ከደረሱት ቋንቋዎች መካከል ሶማልኛ አንዱ ሆነ፤ የሚጻፈውም በግእዝ ፊደል ነበር። በጎረቤት ሶማሊያ ግን የላቲኑ ፊደል ከጥቅምት 1965 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ጽሕፈት ሆኖ ነበር። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በክልሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በሶማልኛ፣ በላቲን ፊደል ይሰጣል፤ አማርኛና እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣሉ። መምህራኑንም በጅግጅጋ የሚገኘው የዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያሠለጥናል። እንግዲህ አንድ የጅግጅጋ ቤተ ሰብ ውስጥ አያት በግእዝ ፊደል፣ የልጅ ልጅ በላቲን ያንኑ ሶማልኛ የጻፉበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ክፍሎቹም አከፋፈላቸው ዞሮ ተመልሷል። የቀድሞ ሰዎች 6ኛ ክፍልን ጨርሰው ወደ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይገቡ ነበር። በኋላ ስምንቱም ክፍል አንድ ላይ ተጠቃለለ። አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ «መካከለኛ ደረጃ» ተብለው እንደ ገና ለብቻቸው ቆመዋል።

በጉ ዕረፍት ሰዓት የትምህርት ቤቱን ግቢ ማየት ደስ ያሰኛል። እርጥብ አሸዋ ለ«ሻሕ» ጨዋታ ይመቻል። ሁለት ልጆች መሬት ላይ መስመር አስምረው፣ አንዱ በጠጠር ሌላው በእንጨት ስብርባሪ፣ ሦስት በሦስት እያሰለፉ ይጫወታሉ። ሌሎቹ ከበው ይመክራሉ፤ አንዳንዴም ከተጫዋቾቹ ይልቅ መካሪዎቹ ይጣላሉ። የኳሱ ነገር በየትም አገር አንድ ነው። ተረት ሲጀመር ደግሞ ተራኪው «ሼኮ ሼኮ» ሲል የሚሰሙት «ሼኮ ሐሪር» ብለው ይመልሳሉ፤ የሐር ተረት ማለት ነው። ይህን የሰማ የአማራ ልጅ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ማለት ትዝ ይለዋል። በጅግጅጋ ከተማ የሶማሌ፣ የአማራ፣ የኦሮሞ፣ የጉራጌና የሐረሪ ልጆች በአንድ ግቢ ይውላሉና ሁለቱም መክፈቻ በአንድ ጥላ ሥር ሊሰማ ይችላል። በሐምሌ ወር መጨረሻ 2010 ዓ.ም. በከተማይቱ ሰው የሞተበት፣ አብያተ ክርስቲያናትና ሱቆች የተቃጠሉበት ጥፋት መድረሱን ያልረሳ ሰው፣ ይህን የልጆች ጨዋታ እንደ ቀላል ነገር አያየውም። ከባቢሌ አጠገብ በቆሎጂ የሠፈሩት ከቤታቸው የተፈናቀሉ ልጆችም ትምህርታቸውን የሚማሩት የሰው ጠብ ባመጣባቸው ስደት ውስጥ ነው።

ስለ ችግኝ የሚነገር አንድ ነገር አለ። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የአረንጓዴ አሻራ ተከላ በሰፊው የሚካሄደው በሐምሌ ነው። ለደጋው ይህ ትክክል ነው። በጅግጅጋ ትምህርት ቤት ግን በሐምሌ ተማሪ የለም፤ ፍየል ግን አለ። ችግኙ በሚያዝያ ቢተከል የጉን ዝናብ ያገኛል፤ እስከ ሰኔ ድረስ ተማሪው በየተራ ይጠብቀዋል፤ ከዚያም ከረኑ ይደርስለታል። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ዛፍ ተሰጥቶት ስሙን ለጥፎ የሚንከባከብ ከሆነ፣ የኒሙም የግራሩም ጥላ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች ተጨማሪ ክፍል ይሆናል። በክልሉ ስንቱ ክፍል በዛፍ ጥላ ሥር እንደሚማር የሚያውቅ ይህን አይንቀውም።

መካከለኛው ደረጃ የራሱ ችግር አለው። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ወንድ ልጅ ጉልበቱ ይጠነክራል፤ ወደ ቶግ ውጫሌ የሚወስደው የጠረፍ ንግድም ይጠራዋል። ዕቃ ተሸክሞ በአንድ ቀን የሚያገኘው ብር በእጁ ሲገባ፣ የአልጀብራ ጥቅም አይታየውም። ልጅቱን ደግሞ ውኃ መቅዳት፣ ታናናሾችን መጠበቅና ያለ ዕድሜ ጋብቻ ይይዛታል፤ ጉ የሠርግ ወቅት መሆኑንም አንርሳ። ለሴቶች የተለየ መፀዳጃ ቤትና የውኃ ገንዳ ያለው ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎቹን ይዞ ለመቆየት የተሻለ ዕድል አለው። ይህ ጥቃቅን ነገር የሚመስለው ወጣት ሹም ቢኖር፣ የ1ኛን ክፍልና የ8ኛን ክፍል ሴቶች ቁጥር አስተያይቶ ይመልከት።

እስካሁን የተናገርነው ጉ ሲመጣ ነው። ያልመጣ እንደ ሆነስ? ሶማሌው ድርቅን እንደ ሰው ስም ያወጣለታል። በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. ያለፈውን «ደባዴር»፣ ባለ ረጅም ጅራት፣ ብሎታል። በ2007 ዓ.ም. ኤልኒኞ ሲነሣ ክፉኛ ከተመቱት ቦታዎች አንዱ የሲቲ ዞን ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ሰፊ ክፍል አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። እንዲህ ሲሆን ሚያዝያ ይገባል፤ ተመላሹ ልጅ ግን በር ላይ አይታይም። በዚህ ጊዜ የትምህርት ቤት ምገባ ከማናቸውም ስብከት ይበልጣል። ወላጅ በቤት ያጣውን አንድ ጊዜ ምግብ ልጁ በትምህርት ቤት የሚያገኝ ከሆነ፣ ቤተ ሰቡ ሲሰደድ እንኳ ልጁን ለዘመድ ትቶት ይሄዳል። ዝናቡም በመጣ ጊዜ ሁልጊዜ በእርጋታ አይመጣም። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. የመጨረሻ ሳምንት፣ ያ ሁሉ ድርቅ ካለፈ በኋላ፣ በጅግጅጋ የወረደው ጎርፍ ሰው ገድሏል፤ ቤትም አፍርሷል። የቀን መቁጠሪያው ጸደይ ሊገባ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር።

ስለዚህ ወደዚያ አገር ለሥራ የሚላክ ወጣት የትምህርት ባለሙያ በመስከረም የተመዘገበውን ቁጥር ይዞ ብቻ ሪፖርት ቢጽፍ፣ የጻፈው ስለ ወረቀቱ እንጂ ስለ ትምህርት ቤቱ አይደለም። በየካቲት አንድ ጊዜ፣ በግንቦት ሌላ ጊዜ ይቁጠር። ስንት ሄዱ ብቻ ሳይሆን ስንት ተመለሱ ብሎ ይጠይቅ። ለተጓዡ ቤተ ሰብ የተቋቋሙት የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች በጂላል ወዴት እንደ ሄዱ ይመርምር፤ መምህሩ ከመንደሩ ጋር ተጉዞ ከሆነ ትምህርቱ አልተቋረጠም፤ ከተማ ገብቶ ከሆነ ግን ጣቢያው ስም ብቻ ነው። የወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና ከጂላሉ ጭንቅ በፊት ማስቀደም ይቻለው እንደ ሆነም ከሽማግሌዎቹ ጋር ይምከር። ዝናቡ መቼ እንደሚጠበቅ፣ መንደሩ መቼ እንደሚነሣ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

በሰኔ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይቀርባል። ሣሩ መገርጣት ይጀምራል፤ የሐጋው ነፋስ አቧራ ማንሣት ይጀምራል፤ የፈተና ወረቀት እንዳይበር ተማሪው በአራቱም ማዕዘን ጠጠር ያስቀምጣል። ፈታኙ ስም ሲጠራ በመዝገቡ ላይ ጥቂት ስሞች ከተራቸው ውጪ፣ በገጹ ግርጌ፣ ከሌሎቹ በተለየ ቀለም ተጽፈው ያገኛቸዋል። እነዚህ በሚያዝያ የተመለሱት ናቸው። ሲጠሩም ከኋላ መደዳ «አለሁ» ይላሉ።